ተረከዝ የሚፈርድበት ቤት

በአባቴ ወገን ያለን ሰዎች ተረከዛችን ወፍራም ነው። ከተረከዝ ወደ ባት የሚወጣው ጅማት እንደ ሌላው ሰው ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ መሀሉ ላይ ያብጣል፣ ሲነኩት ይጠጥራል፣ አያምም። በቀወት ገጠር ይህን የማያውቅ ሰው የለም። አንድ ልጅ የቤታችን ልጅ መሆኑ ሲያጠራጥር «ሃያ ዓመት ይሙላውና ተረከዙ ይፍረድ» ይባላል። አንዲት የአጎቴ ሚስት ልጁ ከሌላ ነው እየተባለች ስትታማ ኖራ፣ ልጁ ጎርምሶ ተረከዙ ሲያብጥ ሰፈሩን በእልልታ አቀለጠችው ይላሉ። እኔም ሴት ልጅ ብሆንም እኮራበት ነበር። ወንዝ ወርደን እግራችንን ስንታጠብ ከወንድሜ ጋር የማን እንደሚበልጥ በጣታችን እንለካካ ነበር።

በዚያው ቤት ደግሞ አርባ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ አላየሁም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም።

አባቴ የሞተው በአርባ አንድ ዓመቱ ነው። ማሽላ ሲጠብቅ ውሎ ከማማው ወረደ፣ ውሃ ጠጣ፣ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ በዚያው አልተነሳም። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ አሥር። መጋኛ መታው ተባለ። መጋኛ ማለት በኛ አገር ጤነኛውን ሰው ድንገት መትቶ የሚጥል ክፉ ነገር ነው። ከአራት ዓመት በኋላ አጎቴ ጀውሃ ከተማ ምግብ ቤት ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ያዘዘው እስኪመጣ ሲጠብቅ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እሱንም መጋኛ። አያቴን አውድማ ላይ የጣለውም ያው ነው። ይህ መጋኛ የኛን ወንዶች ስም ጽፎ የያዘ ይመስል ጎረቤት ቤት አይገባም ነበር። ይህንንም ቢሆን «ለምን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አለቀስን፣ ተስካር አወጣን፣ ወደ ሥራችን ተመለስን።

እኔ ሸዋሮቢት መናኸሪያው አጠገብ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። በአርባ ስምንት ዓመቴ አንድ ጠዋት የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ መንጋጋዬን አመመኝ። ጥርሴ ነው ብዬ ሄጄ አስነቀልኩ። ጤነኛ ጥርስ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዴ ወረደ፤ ላብ አጠመቀኝ፣ የምሰፋው ልብስ ላይ አስታወክሁ። ጎረቤቶቼ ተሸክመው አምቡላንስ ውስጥ ከተቱኝ። ከቆላው ሙቀት ወጥተን ጣርማበር ስንደርስ የገባው ብርድ ትዝ ይለኛል። ደብረ ብርሃን አደርኩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ላኩኝ። የልብ ድካም፣ የደም ብዛት ሲባል እሰማ ነበር። የኔ ግን ሌላ ነው፤ የልብ የደም ሥሬ ተደፍኗል አሉኝ።

ያከመችኝ ሐኪም ልጅ እግር ሴት ነበረች። ደረቴን አይታ ስትጨርስ «እግርዎን ያሳዩኝ» አለችኝ። ግራ ገባኝ፣ አሳየኋት። ተረከዜን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ያዘችው።

«ይሄ የዘራችን ምልክት ነው» አልኳት፣ ትንሽም ኮራ ብዬ።

«አዎ፣ ነው» አለች። አልሳቀችም። «ሌላስ ማን አለው?»

ወረቀት አወጣችና ወንዶቹን አራት ማዕዘን፣ ሴቶቹን ክብ እያደረገች፣ እኔ እየነገርኳት የቤታችንን ሰዎች ሣለች። በድንገት የሞቱትን በእስክርቢቶዋ አጠቆረቻቸው። ሽማግሌዎቻችን ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ስም ብቻ ነው የሚቆጥሩት። እሷ ግን ከየስሙ አጠገብ ዕድሜ እየጻፈች ሄደች። አርባ አንድ፣ አርባ አራት፣ ሠላሳ ዘጠኝ።

ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ጉበታችን ከደም ውስጥ ስቡን የሚለቅሙለት እጆች አሉት። እጆቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚናገር ትእዛዝ ከእናትም ከአባትም እንወርሳለን፤ ሁለት ቅጂ ማለት ነው። እኛ ከአባታችን የወረስነው ቅጂ ተሳስቶ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ከተወለድንበት ቀን ጀምሮ ግማሹ እጅ ሥራ ፈት ሆኖ ተቀምጧል። ያልተለቀመው ስብ የልብ ሥር ውስጥ ይለጠፋል፣ ጅማት ላይም ይከማቻል። የኮራንበት ተረከዝ እሱ ነው። ሰው ሁሉ በደሙ ውስጥ አደጋውን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ልዩነቶች አሉት አለችኝ፤ የናንተ ግን ጥቂት አይደለም፣ አንዱ ብቻውን ይበቃል። ሴቶቹ ጥቂት ዓመት እንዘገያለን እንጂ አንቀርም። ቅቤ ባንበላም፣ ቀኑን ሙሉ ብንቆፍርም ኪኒን ካልዋጥን አይለቀንም። ለሚወለደው ልጅ ሁሉ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወይ ይወርሳል ወይ ያመልጣል። የዘሩን ምርመራ እኛ ጋ እንደ ልብ አታገኙትም፣ ነገር ግን ደምና ተረከዝ ተናግረዋል አለች።

«ወንድምዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «ዛሬ ነገ ሳይሉ ደሙን ያስመርምሩት።»

እኔም ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሜ አርባ አንድን እንዲያልፍ።

ሸዋሮቢት ስመለስ እናቴ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ተነስታ በሩን ዘጋች። የወንድሜን ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ትማራለች፤ እናቷ ዓረብ አገር ናት፣ ያሳደግናት እኔና እናቴ ነን። የሚያጫትን ልጅ ትወደዋለች፣ ከላይ ከዳገቱ መንደር የጨዋ ቤት ልጅ ነው።

«በዘራችን በሽታ አለ ብለሽ ልታውጂ ነው?» አለች እናቴ።

«እማ፣ ለማንም አላውጅም። ደሙን ብቻ ይስጥ።»

«ደም ሰጠ ማለት ታመመ ማለት ነው። የሸዋሮቢት ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል። ሠርጉ ይለፍ፣ ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።»

እሺ አልኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ የማርፍ ሴት ሆኜ ነበር። ድካም ሰበብ እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን እሺ ያልኩት በሌላ ምክንያት ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ለወንድሜ ግን በድብቅ ነገርኩት። ወንድሜ ሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለማል። ቦይ ውስጥ ቆሞ ደለል ሲያወጣ አገኘሁት። እኔ በሬ ነኝ፣ የማያመኝን በሽታ ምን ብዬ ልታከም ብሎ ሳቀብኝ። «ቦዩ ዝም ብሎ ውሃ ሲያሳልፍ ታየዋለህ፤ ደለሉ መሙላቱን የምታውቀው መቼ ነው?» አልኩት። አካፋውን ተደግፎ ቆየና «ከሠርጉ በኋላ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ከጥምቀት በኋላ በአንድ እሑድ መጡ። እኔና እናቴ ጓዳ ሆነን እንሰማለን። ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ዝምድና ጠፋ፣ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ አንደኛው፣ እንደ ደንቡ፣ «በቤታችሁ የሚወረስ ደዌ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አለ ወንድሜ።

«ማል።»

«በምን ልማል?»

«በልጅህ ነዋ። የምትሰጠን እሷን አይደለም?»

እናቴ የእጄን አንጓ ጨምድዳ ይዛዋለች።

«በልጄ አልምልም» አለ ወንድሜ። «በራሴ። ካለ፣ በራሴ ይድረስ።»

ሽማግሌዎቹ ወደዱለት። በልጁ የማይምል ጨዋ ነው ተባባሉ፣ ጠላው ተቀዳ። እኔ ግን ጓዳ ውስጥ ሆኜ ነገሩ ገባኝ። የእውነት የለም ብሎ ቢያምን ኖሮ በልጁ ይምል ነበር። ወጥቼ መናገር ነበረብኝ፤ አልወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሰው ቢሰማው አያምነኝም። በማግስቱ ማሳው ድረስ ሄጄ፣ ደብረ ብርሃን ማንም በማያውቅህ ቦታ ተመርመር አልኩት። እምቢ አለ። ከሠርጉ በኋላ ብለህ አልነበር ስለው አሁን ጭራሽ አይሆንም አለኝ።

«ምዬ የለም እንዴ፣ እትዬ? ከተመረመርኩ በሐሰት መማሌን አውቄ ማረጋገጤ ነው። ኪኒኑን ከዋጥኩ ደግሞ በየቀኑ ውሸታም ነኝ እያልኩ ልውጥ ነው?»

«ማንም አያይህም!»

«እግዜር ያያል። በራሴ ይድረስ ብያለሁ። ካለ ይድረሳ።»

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ማሳው መሀል ቆሜ ጮህኩበት፣ ድንጋይ ራስ አልኩት፣ አባታችንን ጠርቼ ሰደብኩት። ሌላ አገር ሰው የሚሞተው መድኃኒት አጥቶ ነው፤ የኔ ወንድም ውሸታም ላለመባል ሊሞት ወሰነ። ሁለት ወር ሙሉ ለመንኩት። ጾም ገባ፣ እኔ የራሴን ኪኒን እየዋጥኩ እሱን እለምናለሁ። ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ማሳው መሄድ፣ መጨቃጨቅ፣ እያለከለክሁ መመለስ ሥራዬ ሆነ። አንዳንድ ቀን መንገድ ላይ እንደ ፈለገው ይሁን እላለሁ። በማግስቱ እንደገና እሄዳለሁ። ያደከመኝ የራሴ ልብ ብቻ አልነበረም።

በሆሳዕና ሳምንት ራሱ ሱቄ ድረስ መጣ። ወንበር ስቤለት ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ቦይ ሲጠርግ ደረቱን እንደ ጠፍር ጭምቅ አደረገው፣ አረፍ ሲል ለቀቀው። ሦስተኛ ቀኑ ነው። «ፈራሁ» አለኝ። ወንድሜ ከአባታችን ቀብር ወዲህ ይህን ቃል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

«ና ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«መሐላውስ?»

ወደ ንስሐ አባታችን ይዤው ሄድኩ። ሐኪም ቤት ሳይሆን እሳቸው ዘንድ መሄዳችን ያበሳጨኝ ነበር፣ ግን ሌላ በር አልነበረኝም። እሳቸው ሰምተው ሲያበቁ ነገሩን ቀላል አደረጉት፤ መሐላውን የተቀበለህ ሰው ይፍታህ፣ እኔም ቀኖናህን እሰጥሃለሁ፣ ከዚያ ታከም አሉት። መሐላውን የተቀበለው ሽማግሌዎቹን የላከው የልጁ አባት ነው። ወንድሜ ለልጁ ደወለላትና ሁሉንም ነገራት፤ እጮኝነቱ ሊፈርስ እንደሚችልም ነገራት። ምን እንዳለችው ስጠይቀው «ሂድ አለችኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

በኛ አገር ከባድ በደል የበደለ ሰው ባዶ እጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይሄዳል። ይህን ረስቼው ነበር። ባጃጁ ዳገቱ ሥር አውርዶን ሲመለስ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ መምረጥ ጀመረ።

«አብደሃል? ሦስት ቀን ደረትህን ሲያምህ ከርሞ?»

«ባዶ እጄን አልሄድም።»

«እሺ ትንሹን አንሳ! ይቅርታ በኪሎ አይመዘንም።»

«ጠጠር ይዤ ብሄድ ይስቁብኛል፣ እትዬ።»

የጤፍ ሰፌድ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ በጫንቃው አደረገ። እኔ ከኋላው ተከተልኩት። ፀሐዩ የሚያቃጥል ነበር፤ ከታች የማንጎው ዛፍና የአስፋልቱ መኪና ይታያል፣ ከላይ ግራሩ ብቻ። አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ትንፋሹን እሰማለሁ። ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለተኛው ላይ እጁን ወደ ደረቱ ሲወስድ አየሁትና አልቅሼ ጣለው አልኩት። አልጣለም። እኔም ዳገት የሚችል ልብ የለኝም፤ ሁለታችንም እዚያው ዳገት ላይ ብንቀር ማን ማንን ያነሳል እያልኩ ነበር የምወጣው። ለእግዜር ያን ቀን ያልኩትን ነገር ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

ደረስን። የልጁ አባት ከስድሳ ያለፈ ሰው ነው፤ በረት ሲያጥር አገኘነው። ወንድሜ ከነድንጋዩ ደጁ ላይ ተንበረከከ።

«በሐሰት ምያለሁ። በቤታችን ደዌ አለ። ልብ ነው። አባቴን የገደለው፣ አጎቴን የገደለው እሱ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ ልጅዎንም ይዘው መቅረት ይችላሉ።»

ሰውዬው እየሮጠ መጥቶ ድንጋዩን ከጫንቃው አነሳለት። ወደ ጎን ጣለውና ወንድሜን ክንዱን ይዞ ጥላ ሥር አስቀመጠው። ውሃ አዘዘ። ወንድሜ እስኪጠጣ ጠበቀ።

«ይህን ልትነግረኝ ነው ድንጋይ የተሸከምከው?» አለ በመጨረሻ። «እኛማ እናውቃለን። የአባትህን መቃብር የቆፈርኩት እኔ አይደለሁ? ያጎትህንም ቆፍሬያለሁ። የናንተ ቤት ወንድ እንደማይሸብት በዚህ አገር የማያውቅ ማን አለ? ሽማግሌዎቹ የጠየቁት የቁምጥናውን ነው፣ የሚጥል በሽታውን ነው። የልብን ማን ዘር ብሎ ይጠይቃል?»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየው። እኔን ግን ንዴት ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያውቁ ነበር?»

«እናውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

ሰውዬው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። የተቆጣ አይመስልም፤ የደከመው ይመስላል፣ እንደኔ። «ምን ብለን እንንገርሽ፣ ልጄ? መድኃኒት እንዳለው በምን እናውቃለን? አርባ ሳይሞላው ወንድምሽን ትሞታለህ እንበለው? ዝም ብለን በሥራ አገዝናችሁ። በደቦ ስንጠራ ወንድምሽን ከባድ ሥራ እንዳንሰጠው እንነጋገር ነበር። ቀላሉን ስጡት፣ የእነእገሌ ቤት ልጅ ነው እንባባል ነበር።»

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በሬ ነኝ ሲል የኖረ ሰው ነው። በደቦ ከማንም ቀድሞ መጨረሱን ሲያወራልኝ ሃያ ዓመት ሰምቻለሁ፤ ለካ ቀላሉን እየሰጡት ነበር። እኛ ከነሱ ስንደብቅ፣ እነሱ ከኛ ሲደብቁ፣ ሁላችንም እየተዛዘንን ወንዶቻችንን ቀበርን።

መሐላውን ፈታለት። ልጅቷን በተመለከተ «ልጃችን ናት» አለ፣ በዚያው አበቃ። ስንወርድ ወንድሜ ክንዴን ይዞኝ ነበር፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወጣን። ሐኪሞቹ አስተኙት፣ ልቡን አዩት። ሥሩ ጠብቧል፣ ግን አልተዘጋም። ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ ብለው ጀመሩና ፊቴን አይተው ዓረፍተ ነገሩን ተዉት። ደሙ ውስጥ ያለው ስብ ከኔም ይበልጣል። ኪኒኑን ጀመረ፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ዕድሜ ልክ።

ልጅቷ ከኮሌጅ መጥታ አልጋው አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው እኔም ደም ልስጥ አለች። ወንድሜ ተቃወመ። «የሷ ተረከዝ እኮ ለስላሳ ነው፣ እዩት» አለ ለሐኪሙ፤ አሁንም ተረከዝ ይፈርዳል ብሎ። ሐኪሙ በሷ ዕድሜ ላይታይ ይችላል አለው። ደም ሰጠች። በማግስቱ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ከበር ላይ ፊቷን አይቼ አወቅሁ። ወርሳለች።

ወንድሜ ወረቀቱን ተቀበላት። ማንበብ ይችላል፤ የሚያየው ግን ቁጥሩን አልነበረም። እንባው ወረቀቱ ላይ መውረድ ጀመረ። ዳገቱን ሲወጣ አላለቀሰም ነበር።

«በራሴ ነበር እኮ የማልኩት» አለኝ። «በሷ አልማልኩም። እትዬ፣ ሰምተሽኛል አይደል? በሷ አልማልኩም።»

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት። መሐላ አይደለም፣ ሳትምል በፊት፣ እሷ ሳትወለድ በፊት ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው ብዬ ሐኪሟ ያስረዳችኝን ሁሉ እንደገና ልነግረው ፈለግሁ። አቅም አጣሁ። እጁን ብቻ ያዝኩት።

ልጅቷ ወጣ ብላ ተመለሰች። በአንድ እጇ የሷን ኪኒን፣ በሌላው የሱን ይዛለች። ሐኪሙ ልጅ መውለድ ስታስቢ አስቀድመሽ ንገሪን፣ ያን ጊዜ እናቋርጠዋለን ብሏታል፤ ይህንን ለእጮኛዋ ራሷ በስልክ ነግራዋለች። አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና መዳፉን ከፍታ የሱን አስቀመጠችለት።

«አባዬ፣ አታልቅስ» አለችው። «አንተ በሠላሳ ዘጠኝ ጀመርክ፣ እኔ በአሥራ ዘጠኝ። ሃያ ዓመት ቀድሜሃለሁ።»

ወንድሜ ውሃ እንኳ ሳይጠይቅ ዋጠው።